አርብ አርብ የሚደውለው

ሰው ቀን ሲከፋበት የድሮ ፍቅረኛው ቤት ኢንተርኔት እንዲሸጥ ይላካል። ይታየሽ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ታሪኩን ከመሀል የምትቀላቀሉን ካላችሁ አትቸገሩ፤ ከሰኞ ጠዋት እንነሳለን።

ሰኞ ጠዋት ይታየሽ የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃ ሞኬድ ተቀምጣለች፤ የኢንተርኔት ኩባንያው የደንበኞቹን ስልክ ከሚቀበልበት አዳራሽ። ሥራዋ አማርኛ ተናጋሪዎችን ማስተናገድ ነው። አድራሻ ትጠይቃለች፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ታስገባለች፣ ሕንፃው ድረስ የትኛው መስመር እንደደረሰና ምን ያህል ፍጥነት እንደሚገኝ ትናገራለች። ሽማግሌዎቹ ስለሚወዷት «የኛ ልጅ የለችም ወይ?» እያሉ እሷን ያስጠራሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም። ለምን ብሎ ለጠየቃት ሁሉ ሥራ በዛብኝ ትላለች፤ እኛ ግን ምክንያቱን እናውቃለን።

«ሻሎም፣ ከክርያት ሞሼ ሰፈር ነው። እናቴ አጠገቤ ናት፤ እንድትሰማ በአማርኛ ብታስረጂን» አለ የደወለው ሰው።

ድምፁን በሁለተኛው ቃል ለየችው። አድራሻውን ተናግሮ ሳይጨርስ ጣቶቿ ቀድመውት ጽፈውታል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዘጠኝ ቁጥር። የሥራ ድምፅዋን አወጣች።

«አሁን ያላችሁ አሮጌው የመዳብ መስመር ነው። ለመቀበል ዐሥራ አምስት ሜጋ፣ ለመላክ ግን አንድ እንኳ አይሞላም። እሱም በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። አዲሱ ፈጣን መስመር፣ ፋይበሩ፣ ሕንፃው ደጃፍ ደርሷል፤ ከሦስት መቶ እስከ ሺ ሜጋ መምረጥ ይቻላል።»

«ከቤት ነው የምሠራው። እናቴ ክረምት ላይ ወድቃ ወገቧን ተጎድታለች፣ ብቻዋን ልተዋት አልችልም። ስብሰባ ስገባ ምስሌ ደርቆ ይቀራል። ሺውን ልውሰድ?»

«ሺው ትርፍ ነው። ሦስት መቶው ይበቃል። ራውተሩን ግን ሳሎን አታድርጉት፣ መኝታ ቤቱ ድረስ አይደርስም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር ይሻላል።»

የሠራችው ስሕተት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት።

«ኮሪደራችን ላይ መስታወት እንዳለ ማን ነገረሽ?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያም፣ «ይታየሽ» አለ።

መልስ ሳትሰጠው ከኋላው የአሮጊት ድምፅ መጣ። «መስመሬን ማንም አይነካብኝም በላት።» ስልኩ ተዘጋ።

አለቃዋ ኤራን ነገሩን ከራሱ ማያ ላይ እያየ ነበር። ከዐሥራ ሁለቱ ቤት ዐሥራ አንዱ ፈርሟል፤ ዘጠኝ ቁጥር ብቻ እንቢ ብሏል። «አማርኛ ታውቂያለሽ፣ ሰፈሩም ቅርብሽ ነው። አርብ ወደ ቤትሽ ስትሄጂ ጎራ ብለሽ አስፈርሚያቸው። ያላ፣ በይ እንግዲህ» አላት። ወደ ሰፈሯ ወደ ኦሺዮት የሚወስዳት አውቶቡስ በክርያት ሞሼ በኩል አያልፍም፤ ይህን ግን አልነገረችውም።

እንግዲህ ምስጢሯን ላውጣው። ከአራት ዓመት በፊት ይታየሽና አበራ ሊጋቡ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ሲወጣ፣ እናቱ ዘንድ ይዟት ሄደ። እማማ ማንተገብሽ ወላጆቿ መቼና በየት በኩል እንደመጡ ጠየቋት። «በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ፣ ከአዲስ አበባ፣ በአውሮፕላን» አለች ይታየሽ፣ ምንም ሳታስብ። አሮጊቷ ሌላ አልጠየቋትም። እሳቸው በሰማንያ አራቱ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው። ልጅቷ ስትወጣ ጠብቀው ለልጃቸው እንዲህ አሉት፦ «እኔ ልጅ የከፈልሁበትን አገር እነሱ በአንድ ሌሊት ተኝተው ነቁበት። ከነሱ ጋር አልዛመድም።»

አበራ ለይታየሽ ረጅም መልእክት ጻፈላት። ጊዜ ስጪኝ ነበር የሚለው፤ እሷ ግን እንደ ስንብት አነበበችው። መልስም አልሰጠችም። እሱ ደግሞ ዝም ስትል ተወችኝ ብሎ ደመደመ። ሁለቱም ኩሩዎች ናቸው፤ ሁለቱንም በጥፊ ማጠናገር የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር።

ከተለያዩ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ አርብ ከሰዓት፣ ናፍቆቱ ሲጠናባት የእናቱን የቤት ስልክ ደወለች። አርብ አርብ እናቱ ዘንድ እንደሚውል ታውቃለች፤ ምናልባት እሱ ያነሳው ይሆናል ብላ ቁጥሯን ደበቀች። ያነሱት እናቱ ነበሩ። ትንፋሻቸውን ስትሰማ ደንግጣ ዘጋችው። በሚቀጥለው አርብ ግን እጇ አላርፍ አላት። ያን ቀን አሮጊቷ አንስተው ምንም አልተናገሩም፤ እሷም አልተናገረች። ከኋላ የሳህን ድምፅ፣ የቧንቧ ውኃ፣ ከዚያም አበራ «እማ፣ ማን ነው?» ሲል ተሰማ። ያቺ አንዲት «እማ» ሳምንቱን አሻገረቻት።

አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አርብ ከሻባት በፊት አንድ ደቂቃ ያህል ሁለቱ ሴቶች ዝም ይባባላሉ። አሮጊቷ አይናገሩም፣ አይዘጉትምም። ይታየሽ በገባት መንገድ ተረጎመችው፦ ማን እንደሆንሁ ያውቃሉ፤ ኩራታቸው አያናግራቸውም፣ ልባቸው ግን ስልኩን አያስዘጋቸውም። በዚህ ስትጽናና ኖረች። ስለ መጽናኛዋ ለጓደኛዋ እንኳ ተንፍሳ አታውቅም፤ ሲነገር እንደሚያሳፍር ሳታውቀው አልቀረችም።

አርብ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል የዘጠኝ ቁጥርን ደወል ነካች። አበራ ከፈተላት። ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉሩ ሸብቷል። ጢሙን አልተላጨም።

«መጣሽ» አለ።

«ለሥራ ነው» አለች።

«ቤሰደር፣ እሽ። ግቢ።»

ኮሪደሩን ሲያልፉ መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፊት ለፊት ያልደፈሩትን እዚያ ውስጥ ለአንድ አፍታ ተያዩ። ይታየሽ ቀድማ ዓይኗን ሰበረች።

እማማ ማንተገብሽ ነጠላቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ከጎናቸው አድርገው፣ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ስልኩ ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ የደዋይ ቁጥር የማያሳይ ዓይነት ነው። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«አንች በአውሮፕላን የመጡት ልጅ አይዶለሽም?»

«ነኝ እማማ። ዛሬ የመጣሁት ስለ መስመሩ ነው።»

«ተቀመጭ።»

ተቀመጠችና አስረዳቻቸው። ቁጥሩ እንደማይቀየር፣ ይኸው ስልክ ከራውተሩ ጀርባ እንደሚሰካ፣ አሮጌው ሽቦ ግን ወደዱም ጠሉም እንደሚዘጋ ነገረቻቸው። አሮጊቷ በጽሞና ሰሙ።

«መብራት ሲጠፋስ ትሠራለች?»

«መብራት ሲጠፋ አትሠራም። ይህን አልዋሽዎትም።»

«እንዲያማ ከሆነ እሱ ሲደውል መብራት ቢጠፋብኝስ?»

«ማን ነው የሚደውለው?» አለች ይታየሽ።

አበራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። «እማ፣ ዳይ፣ ተይው» አለ። እናቱ ግን እጃቸውን አወዛውዘው ዝም አሰኙት።

«ሳሙኤል ነዋ። የመጀመሪያ ልጄ። ሱዳን፣ የስደተኛ ሰፈሩ ውስጥ ሳለን ትኩሳት ያዘውና ሐኪሞቹ ድንኳን አስገቡት። ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያው ሌሊት መኪና መጥቷል፣ አሁኑኑ ውጡ ተባልን። ነገ ከሚመጡት ጋር ይከተልሻል አሉኝ። ወጣሁ። በነጋታው የመጣ ሰው የለም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «መርዶም አልመጣልኝ። ሽማግሌ በማለዳ በሬን አንኳኩቶ ልጅሽ ሞቷል አላለኝም። ታዲያ እንዴት ብዬ ሀዘን ልቀመጥለት? ይችን ቁጥር በዚያ በኩል ለሚያልፍ ሁሉ እየጻፍሁ ስሰጥ ኖርሁ። ይኸው አራት ዓመቱ፣ አርብ አርብ ሰንበት ሳይገባ ይደውልልኛል።»

ይታየሽ የያዘችው ወረቀት ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

«አይናገርም» አሉ አሮጊቷ። «አማርኛው ጠፍቶበት ይሆናል፣ በአረብ አገር ነው ያደገው። የመጀመሪያ ቀን ልናገር ስል ዘጋብኝ። ፈርቶኝ ነው። ጥላኝ ሄደች እያለ እኮ ነው ያደገው። ከዚያ ወዲያ እኔም ዝም እላለሁ። ትንፋሹን ብቻ እሰማለሁ፤ ይበቃኛል።»

«እማማ፣ እኔ…» አለች ይታየሽ።

«መቼ እንደጀመረ ልንገርሽ? አንችን ከዚህ ልጄ በለየሁ በወሩ ነው። ክፉ ልልሽ አይዶለም። ግን እግዜር አየልኝ አልሁ። ሁለተኛውን አልሰጥም ስል የመጀመሪያውን መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ አበራ ስላንች ባነሳብኝ ቁጥር የስልኩን ነገር አነሳበታለሁ። እሱም ዝም ይላል።»

ይታየሽ አበራን አየችው፤ እሱ ወለሉን ያያል። አራት ዓመት ሙሉ የተዘጋባትን በር የቆለፈችው እሷው ራሷ ኖራለች። በናፍቆት የደወለችው እያንዳንዱ አርብ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲያዞረው ኖሯል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። የከፋው፣ በእኚህ ሴት ላይ የጠፋ ልጃቸውን መስላ ስትተነፍስባቸው መኖሯ ነበር።

«ጎረቤቴ ደስታዬ አዲሱ ስልክ የሚደውለውን ሰው ቁጥር ያሳያል አለችኝ» ቀጠሉ እማማ ማንተገብሽ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ። «እውነት ነው? ከየት አገር እንደሚደውል ያሳየኛል? እንዲያ ከሆነ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ስጪኝ ወረቀቱን።»

የተደበቀ ቁጥር በአዲሱም ስልክ ላይ እንደማይታይ አበራ ያውቃል። ይታየሽም ታውቃለች። አበራ ቀና ብሎ አያት። እባክሽ አዎ በያት ይላል ዓይኑ። በዚህ ቤት ውስጥ ማንም፣ መቼም፣ እንደማይደርስባት የገባት እሷ ብቻ ነበረች። አንድ «አዎ» ብትል ፊርማው ያልቃል፣ ምስጢሩም ከሷ ጋር ይቀበራል። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን አዎ ብዬ እወጣ ነበር።

«ቆይ» አሉ አሮጊቷ መልሷን ሳይጠብቁ። «ሰዓቱ ደርሷል። ተቀመጭና አንችም ስሚው።»

ሦስቱም ጠበቁ። ዐሥር ሰዓት ሞላ። አበራ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ቧንቧ ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ዐሥር ከሩብ ሆነ። እማማ ማንተገብሽ እጀታውን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት፣ ድምፅ እንዳለው አረጋግጠው መልሰው አስቀመጡት። ትንሽ ቆይተው እንደገና አንስተው አስቀመጡት።

«ነካክታችሁብኛል?» አሉ። «አበራ፣ መስመሯን ነካክተዋታል ወይ?»

«አልነኩም እማ።»

«እንግዲያ ለምን አይደውልም? አዲስ ልታስገባ ነው ብሎ ተቀይሞኝ ነው?» ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ተቀይሞኝ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ልተወው መስሎት ነው።»

ይታየሽ ይህን ልትሰማ አልቻለችም። «ሬጋ፣ አንድ አፍታ፤ ታች የረሳሁት ወረቀት አለ» ብላ ተነሳች። ወደ ደረጃው ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችና ስልኳን አወጣች። እንደወትሮው አንድ ደቂቃ ዝም ብላ ልትዘጋው ነበር ሐሳቧ። ይህችን አንድ አርብ ልስጣቸው፣ ከዚያ የሚሆነው ይሁን አለች።

ቤት ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

ትንፋሻቸው መጣ። አራት ዓመት የለመደችው ትንፋሽ ነው፤ ዛሬ ግን በበሩም በኩል ትሰማዋለች። ኩራት ነው ያለችው ዝምታ ምን እንደነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። አሮጊቷ ያለቅሱ ነበር። ልቅሷቸውን ልጃቸው ሰምቶ እንዳይዘጋባቸው በነጠላቸው አፋቸውን አፍነው ያለቅሱ ነበር።

«እማማ» አለች ይታየሽ።

ትንፋሹ ቆመ።

«ሳሙኤል አይደለም። እኔ ነኝ፣ ይታየሽ ነኝ። ደረጃው ላይ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ እኔ ነበርሁ እማማ። አላወቅሁም። የሳሙኤልን ነገር አላወቅሁም።»

ስልኩ አልተዘጋም። በሩ ተከፈተ። አበራ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አየ፣ ቀጥሎ ፊቷን አየ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም፤ ከዚያ የባሰ ነገር አደረገ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። መንገድ ለቀቀላት።

እማማ ማንተገብሽ እጀታው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ተቀምጠዋል። ይታየሽ ከፊታቸው መሬት ላይ ተንበረከከች።

«ለምን?» አሏት።

«የአበራን ድምፅ ልሰማ ነበር። ከኋላ ሲያወራ ይሰማኛል ብዬ ነው። እርስዎ እኔ መሆኔን የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር። ስላልዘጉብኝ… ትንሽ የወደዱኝ ይመስለኝ ነበር።»

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ልባቸው ውስጥ ቁጣ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር፣ አላገኙትም።

«ሁሉንም?» አሉ በመጨረሻ። «አንዲት እንኳ የሱ የለችም?»

ይታየሽ ለማጽናናት ብላ መዋሸት አላሰበችም። በእውነት ወደ ኋላ ቆጠረች። «አንድ አርብ አልደወልሁም» አለች። «ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው አርብ። አባቴ ሆስፒታል ገብቶ ሌሊትም ቀንም አጠገቡ ነበርሁ። ያን ቀን ብቻ አልደወልሁም።»

እማማ ማንተገብሽ አንገታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «እኔ አርቦቹ ይምታቱብኛል። አንተ ታስታውሳለህ። ያን ዕለት ተደውሎ ነበር?»

አበራ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«ተደውሎ ነበር እማ» አለ። «እኔ ሰላጣ እየከተፍሁ ነበር። አንች ነሽ ያነሳሽው። ከሌላው ቀን ረዘም አለ።»

ይታየሽ ፊቱን መረመረች። ውሸት ሲናገር የምታውቀውን ምልክት ፈለገች፣ አላገኘችም። እውነት የሚመስልም አላገኘችም። ያን አርብ ይህችን ስልክ ማን እንደደወለ፣ ጭራሽ ተደውሎ እንደሆነም፣ እኔም አላውቅም። እሷ ግን እዚያው ተንበርክካ እያለች አንድ ነገር ወሰነች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ብትኖር እንኳ ይህን አትጠይቀውም። እንደዚያ ቀን ወዳው አታውቅም።

እማማ ማንተገብሽ እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው በቀስታ አስቀመጡት።

«እንግዲያ አንዷ የሱ ናት» አሉ። «ደወለና ተሰናበተኝ።» ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ገልብጠው ደረቡት፣ ሀዘንተኛ እንደሚደርበው አድርገው። «ተነሽ አንች ልጅ። ቁጥሯን ብቻ አዛውሩልኝ። ሌላውን ለሥራው የሚሻለውን እሱ ይምረጥ። ዛሬ ሂጂ። ዛሬ ከሳሙኤል ጋር ልቀመጥ።»

ይታየሽ ጉልበታቸውን ሳመች። አልመረቋትም፣ አልገፏትምም። አበራ እስከ በሩ ሸኛት። ኮሪደሩ ላይ እጇን ያዘ፤ ጣቶቹ በረዶ ሆነዋል።

«ጊዜ ስጪኝ ነበር ያልሁሽ» አለ በሹክሹክታ። «ደህና ሁኚ አላልሁሽም።»

«አሁን ገባኝ» አለች። ሌላ ልትጨምር ፈለገች፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ሀዘን ገብቷል፣ የራሷን ደስታ ጮክ ብላ ልትናገርበት አፈረች።

ከሳሎን ድምፅ መጣ። «አንች።»

«አቤት እማማ።»

«በሚመጣው አርብም ደውይ» አሉ እማማ ማንተገብሽ። አክለውም፣ «ግን ተናገሪ» አሉ።

«እሽ እማማ፣ እናገራለሁ» አለች ይታየሽ። ደረጃውን እያለቀሰች ወረደች፤ ከእንባዋ የትኛው ለራሷ፣ የትኛው በዚያ ድንኳን ውስጥ ለቀረው ልጅ እንደሆነ መለየት አቃታት።